ግጥሙ የማን ነው? አለምፀሐይ ወዳጆና ባዶው ሳጥን

ባለፈው ክረምት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የቆዩ የአማርኛ ዘፈኖችን የሚሰበስብ ትንሽ አፕ እየሠራን ነበር። ዳታቤዙ የእኔ ድርሻ ነው። ለእያንዳንዱ ዘፈን አራት ሳጥን አዘጋጀሁ፦ ድምፃዊ፣ ዜማ፣ ግጥም፣ ዓመት። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ሞላ። «ግጥም» የሚለው ግን ወደ ታች ብወርድ ብወርድ ባዶ ነው።

በኋላ ምክንያቱ ገባኝ። የካሴቶቹ ልባስ ላይ ብዙ ጊዜ የገጣሚው ስም አለ። ዘፈኑ ወደ ፋይል ሲገለበጥ ልባሱ ቀረ፤ ከልባሱ ጋር ገጣሚውም ቀረ። ያረጁ ልባሶችን እየለመንን ስንመለከት ደግሞ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ስም አገኘን፦ አለምፀሐይ ወዳጆ።

እኔ አለምፀሐይን የማውቃት በተዋናይነቷ ነበር፤ ያውም በወሬ። በመቶዎች የሚቆጠር የዘፈን ግጥም እንደጻፈች፣ ተውኔት ደርሳ እንዳዘጋጀች፣ የግጥም መጻሕፍት እንዳሳተመች የሰማሁት ቆይቶ ነው። ስለ እሷ ሲወራ ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ደረጃ ይቀርባል፤ መጀመሪያ ተዋናይት፣ ቀጥሎ ደራሲ። እኔ ይህ አቀራረብ ትክክል አይመስለኝም። ሴትዮዋ ከመድረክ ወርዳ አታውቅም።

እንዴት ለሚል አንባቢ፣ ወደ ሙጃ ልውሰዳችሁና ልመለስ።

አያቴ ሙጃ ውስጥ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ሲኖር ይጠሯታል፤ ሟቹን፣ ዘሩን፣ ጠባዩን ትጠይቅና እዚያው ቆማ ትገጥማለች። ፊደል አልቆጠረችም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ሄጄ «እስቲ በስልክ ልቅረጽሽ» ብላት ደነገጠች። «ሬሳ ሳይኖር ሙሾ? ሟርት ነው ልጄ!» አለችኝ። ሳቅኩ። አልቀረጽኳትም። አሁን የለችም፤ ግጥሟም የለም።

ያን ጊዜ አጉል እምነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስለ ግጥም ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ ትክክለኛው ነው። ለእሷ ቃሉ ከድምፁ፣ ከተሰበሰበው ሰው፣ ከተሰበሰቡበት ምክንያት ተለይቶ አይቆምም። ተዋናይም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

አለምፀሐይ በአገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር መድረኮች ስትተውን ሙያው ለሴት ልጅ ክብር የሚያስገኝ አልነበረም። በቴአትራችን ጅማሮ የሴትን ቦታ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉት ሴቶች መድረኩን የያዙት ብዙ ስድብ ችለው ነው። አለምፀሐይ ከእነሱ በኋላ መጥታ አንድ እርምጃ ጨመረች፦ ሌላው የጻፈላትን ከመናገር አልፋ ራሷ ጻፈች፣ አዘጋጀች፣ በባህል ሚኒስቴር የቴአትር ክፍልን መራች። የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ሲመሠረትም ከደከሙት አንዷ ናት።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአገር ወጣች። ሠዓሊ ቢሰደድ ብሩሹን ይዞ ይሄዳል፤ ተዋናይ ምን ይይዛል? መድረኩና ቋንቋውን የሚሰማው ሕዝብ እዚህ ቀርተዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ከዚያማ ወደ ጽሑፍ ዞረች» ይላል። ግን ያደረገችውን እዩ። በ2000 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን አቋቋመች። በየወሩ የግጥም ምሽት ይዘጋጃል፣ ቴአትር ይታያል፣ ወጣት ገጣሚ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ቀን ታክሲ ሲነዳ ወይ ሆስፒታል ሲያስታምም የዋለ ሰው ማታ በአማርኛ ያጨበጭባል። በአያቴ አነጋገር፣ አለምፀሐይ መጀመሪያ ለቀስተኛውን ሰበሰበች፤ ከዚያ ገጠመች።

ለእኔ ትልቁ ድርሰቷ ያ አዳራሽ ነው።

ይህን ስል እያወደስኩ ብቻ አይደለም፤ ዋጋም አለው። ለአዳራሽ የሚጻፍ ግጥም ጭብጨባን ያስባል። ቤት ይመታል፣ ወዲያው ይገባል፣ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ይፈነዳል። ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በዝምታ ሳነባት አንዳንዴ «ይህን ባታብራሪልኝስ» የሚያሰኝ ቦታ አገኛለሁ፤ ዝምታ የሚበቃበት ቦታ ላይ ቃል ይጨመራል። እንደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ገጽ ላይ ብቻውን የሚቆም ግጥም የሚፈልግ አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል። እኔም ቅር ብሎኝ መጽሐፉን ዘግቼ አውቃለሁ። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የተረፈ የመሰለኝ ቃል ለካ የትንፋሽ ቦታ ነው። ጉድለቱ ሁሉ አልጠፋም፣ ግን ግማሹ የእኔ አነባበብ ነበር።

ዘፈን ላይ ደግሞ ይህ ችሎታዋ ጭራሽ እንከን አይወጣለትም፤ በሌላ ሰው ትንፋሽ ልክ መጻፍ የተዋናይ ሥራ ነውና። ችግሩ ሲሳካ መጥፋቷ ነው። ፕሮግራመሮች ይህን እናውቃለን። ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ በየቀኑ እንጠቀማለን፤ ካልተበላሸ በቀር ማን ጻፈው አንልም። ነገር ግን ኮዱ ውስጥ ቢያንስ ስሙ ተቀምጧል። የዘፈናችን ገጣሚ ስሙ ልባሱ ላይ ነበር፤ ልባሱን ጣልነው።

አፑ ገና አላለቀም። ከልባስ ያረጋገጥነውን ብቻ እየሞላን ነው፤ በግምት ስም መጻፍ ከባዶ ይብሳል።

አንድ መዝገብ ግን ድምፃዊውና ገጣሚው አንድ ሰው የሆነበት እንዲገባ ፈለግኩ። ባለፈው እሁድ ሙጃ እናቴ ጋ ደወልኩና «የአያቴን ሙሾ የምታስታውሺው አለ? በይልኝ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»