ተራው የማን ነው? ከሰንጠረዥ ወረራ እስከ ገርጂ ጠረጴዛ

ሚና ወስደው በሚጫወቷቸው የጠረጴዛ ጨዋታዎች ላይ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ የጨዋታው መሪ ጠረጴዛውን ይዙር፣ ለሁሉም እኩል ጊዜ ይስጥ፣ ዝም ያለውን በስሙ ይጥራ። ምክሩ ቅን ቢሆንም ፍትሕን በደቂቃ ስለሚለካ ዋናውን ነገር ይስታል። በእኔ እምነት ለአንድ ተጫዋች ተራ ተሰጠው የሚባለው፣ ያደረገው ነገር ሌሎቹን መልስ እንዲሰጡበት ሲያስገድዳቸው ነው። ለዚህ ከገዛ ቼዛችን፣ ከሰንጠረዥ፣ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ሰንጠረዥን የምናነሳው ብዙ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ጋር አያይዘን ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር መጫወታቸው ይጠቀሳል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ሕግ በሰፊው ጽፈዋል። ይሁንና ስለ ሰንጠረዥ ሲጻፍ ወረራ የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ እንደ አንድ እንግዳ ልማድ ተጠቅሶ ይታለፋል። ለእኔ ግን የጨዋታው ትልቁ ፈጠራ እሱ ነው።

በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሦስቴ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አንዴ ብቻ ቢያንቀሳቅስ የሚቆጥር የለም። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት እጁ የፈጠነ የሚጠቀምበት ሥርዓት አልባ ሽሚያ ይመስላል። ሆኖም የሚቸኩል ተጫዋች አሳቡን ገና በጠዋቱ ይገልጣል። ባላጋራው ፈረሱን በየት በኩል እንዳወጣ፣ ንጉሡን በምን እንደከለለ አይቶ የጀመረውን አሰላለፍ ያፈርስና ሌላ ይሠራል። ያኛውም ይህንን አይቶ መልሶ ይለውጣል። እጁ የዘገየ ሰው ያየው ይበዛል። የእርምጃቸው ቁጥር ፈጽሞ እኩል ላይሆን ይችላል፤ ግን አንዱ ያንቀሳቀሰውን ሌላው እንዳላየ ሊያልፈው አይችልም። ካለፈው ይበላል። ፍትሑን ያቆመው ይህ እርስ በርስ የመተያየት ግዴታ ነው።

አሁን ሚና ወስደው ከሚጫወቷቸው የጠረጴዛ ጨዋታዎች አንዱ ወደሆነው ወደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እንምጣ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ይህ ጨዋታ፣ ሳያውቀው፣ በሰንጠረዥ መንገድ ይሄዳል። ሰላም እስካለ ድረስ ሁሉም እንደፈቀደው ይናገራል፤ ውጊያ ሲነሳ ግን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣልና ተራ ይያዛል። ስለ ተራ የሚነሳው ክርክር በአብዛኛው የሚያተኩረው በውጊያው ላይ ነው፤ እዚያ ግን ዳይሱ ራሱ ዳኛ ነው። ችግሩ ከዚያ በፊት ባለው ነፃ ጊዜ ነው። በወረራ ሁለቱ ተጫዋቾች ይተያያሉ። እዚህ ግን አምስት ተጫዋቾች ቢቀመጡ አምስቱም የሚያዩት መሪውን ብቻ ነው። በእርግጥ ለሁለት ሰዎች መተያየት ይቀላል፤ ለአምስት ሲሆን መሪው ካልሠራበት በራሱ አይመጣም።

ገርጂ አንድ ካፌ ውስጥ የተመለከትኩት ጨዋታ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሕጉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ወሬው በአማርኛ። መሪው ትጉ ወጣት ነበር፤ ማንንም አልዘለለም። ጨዋታው አንድ የተዘጋ በር ፊት ሲደርስ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ልጅ ተራዋ መጣ። «አልከፍተውም፤ መጀመሪያ ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጣለሁ» አለች። መሪው «እሺ፣ ምንም አይሰማም» ብሎ ወደ ቀጣዩ ዞረ። ቀጣዩ ልጅ የሕጉን አንቀጽ ባማረ እንግሊዝኛ ጠቅሶ በሩን በእርግጫ አለው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ ጠባቂዎቹ መንቃታቸው፣ ሽሽቱ፣ መያዛቸው፣ ከዚያች እርግጫ የተወለደ ነው። በደቂቃ ከተቆጠረ ልጅቷ ድርሻዋን አግኝታለች። የተናገረችው ግን ማንንም ምንም አላስደረገም፤ ባትኖርም ታሪኩ ያው ነበር። ይህን ፍትሕ ብሎ መጥራት ነውር ነው። ገርጂን ጨምሮ በቦሌና በአካባቢው ደግሞ ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፋል። እንግሊዝኛ በሚቀናቸው ልጆችና በሌሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠረጴዛው ላይም ተከትሏቸው ይቀመጣል፤ ሕጉን ጠቅሶ የሚናገር ይደመጣል፣ ያሰበውን ብቻ የሚናገር ይታለፋል።

እንቆቅልሽን የሚጫወቱ ሕፃናት ይህን የመታለፍ ችግር በሚገባ ፈትተውታል። «ምን አውቅልህ» ብሎ መልሱ የጠፋበት ልጅ ከጨዋታ አይወጣም። «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ የትኛውን አገር እንደሚሰጥ የሚመርጠው እሱ፣ የተሸነፈው ነው። ጎንደርን ቢሰጥ ጠያቂው ጎንደር ገብቶ ያገኘውን ድሎት መዘርዘር አለበት፤ ሐረርን ቢሰጥ ሌላ ነገር መፍጠር ሊኖርበት ነው። አገሩ ካላማረውም እምቢ ብሎ ሌላ ይጠይቃል። የተሸናፊው አንዲት ቃል አሸናፊውን ሥራ ታስይዘዋለች። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያለው ሕግ በየትኛውም የዘመኑ የጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም፤ ብልሃቱ ግን የአያቶቻችን ስለሆነ ብቻ እንደ ልጅ ጨዋታ ተንቆ ቀርቷል።

ጨዋታ ለምትመሩ ወጣቶች የምለው ይህን ነው፤ ሰዓት መያዙን ተዉት። አንዷ ጆሮዋን በሩ ላይ ስትለጥፍ ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር ይሰማ። ቀጣዩ ልጅም በሩን ከመርገጡ በፊት እሷ ለሰማችው ነገር መልስ እንዲሰጥ አድርጉ።