የሥዕል ቅድመ ጥናት እንዴት ይመዘናል?

ምስላዊ ጥናት የሚባለው፣ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሸራ ከመወጠሩ በፊት ሊሥለው ያሰበውን ነገር በዓይን እየመረመረ በንድፍ፣ በፎቶግራፍና በቀለም ሙከራ የሚያካሂደው ዝግጅት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በደብተሩ ውፍረት ነው። ውፍረት ግን ትጋትን እንጂ ጥራትን አያሳይም፤ መዛኙ አጥብቆ ሊጠይቅ የሚገባው ጥናቱ የሰዓሊውን የመጀመሪያ ሐሳብ ምን ያህል እንደ ለወጠው ነው።

ለዚህ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ቴዎዶር ጄሪኮ እ.ኤ.አ. በ1819 በፓሪስ ለእይታ ያቀረበውን «የሜዱሳ ርብራብ» የተባለ ሥዕል የሚያህል ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ሜዱሳ የተባለችው መርከብ በ1816 በዛሬዋ ሞሪታንያ ጠረፍ አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀርቅራ በቀረች ጊዜ፣ በጀልባዎቹ ቦታ ያላገኙ 147 ያህል ሰዎች በተጠፈረ የእንጨት ርብራብ ላይ ተጭነው ባሕር ላይ ተተዉ፤ ከ13 ቀናት በኋላ በሕይወት የተገኙት 15 ብቻ ነበሩ። ጄሪኮ ከእነዚሁ መካከል ኮሬያርንና ሳቪኝን አነጋገረ፣ ከተረፉት አንዱ የሆነው አናጢ የርብራቡን ትንሽ ሞዴል እንዲሠራለት አደረገ፣ ባሕሩንና ሰማዩን ለማጥናት ወደ ለ አቭር ተጓዘ፣ ከሆስፒታል ያገኛቸውን የአስከሬን ክፍሎችም ደጋግሞ ሣለ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚደነቀው የጣለው ነገር ነው። በርብራቡ ላይ የተነሣውን ዐመፅና የሰው ሥጋ መበላቱን ጭምር በንድፍ ከሞከረ በኋላ፣ ተስፋ የቆረጡት ሰዎች አርጉስ የተባለችውን መርከብ ከሩቅ ያዩበትን ቅጽበት መረጠ፤ በቀደሙት ንድፎች ጎላ ብላ የምትታየው መርከብም በመጨረሻው ሸራ ላይ በአድማሱ ጫፍ ነጥብ እስክትመስል አነሰች፣ የሥዕሉ ጭንቀትም በዚያው መጠን በረታ። የሰዎቹን ገላ ከስቶ ሳይሆን ጡንቻው ደንድኖ መሣሉን እንደ ጉድለት የሚቈጥር መዛኝ ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም የአስከሬን ክፍሎችን ያን ያህል ያጠና ሰዓሊ ከእውነታው የራቀው አውቆና መርጦ ነው።

የተማሪ ደብተርም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ሸክም የተሸከመ ሰው ለመሣል የተነሣ ተማሪ ከኢንተርኔት ያወረዳቸው በርካታ ፎቶግራፎች የሰውየውን መልክ ይሰጡታል፤ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ፣ አንገቱ ወዴት እንዳዘመመ የሚያስተምረው ግን ገበያ ቆሞ እያየ የሠራው ንድፍ፣ ስሕተት ቢበዛበትም እንኳ፣ ነው። በንድፉ ዳር የብርሃኑ አቅጣጫና ሰዓቱ ከተጻፈ፣ የጥላው ቀለም ከተሞከረ፣ ቅንብሩም፣ ማለትም የነገሮች አቀማመጥ፣ በጥቃቅን ንድፎች ተለዋውጦ ከታየ፣ ተማሪው ማየትን እየተማረ ነው። ሁሉም ገጽ ንጹሕና የተዋበ ሲሆን መዛኙ ይጠርጥር፤ የተማሪውን ብስለት የሚለካው የትኛውን ንድፍ እንደ ተወና ለምን እንደ ተወ እንዲያስረዳ በመጠየቅ ነው፤ «የተውሁት የለም» የሚል ተማሪ ካጋጠመው ደግሞ ሸራ መወጠሩን አዘግይቶ ወደ ንድፉ ሊመልሰው ይገባል።