«የማን ልጅ ናት?»፦ የማህቡባ ሞት በጎጃም ሙሾ ሚዛን

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሙሾ አውራጇ ግጥሟን ከመጀመሯ በፊት የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ሟቿ የማን ልጅ ናት? አገሯ የት ነው? ምን ትወድ፣ ምን ትሠራ ነበር? በምን ሞተች? ለቅሶው ቅርጽ የሚይዘው መልሱ ሲገኝ ነው፤ ተቀባዮቹም በስም የሚጠሩት ሰው የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው። ሟች በሩቅ አገር ቀርቶ አስከሬኑ ባይመጣ እንኳ መርዶው ይነገራል፤ ልብሱ ወጥቶ በልብሱ ላይ ይለቀሳል። ስለዚህ ሙሾ የሐዘን መግለጫ ብቻ ሳይሆን የሟችን ማንነት በሕዝብ ፊት የሚያጸና ቃላዊ ሰነድም ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመዘኛ ይዞ፣ ከአገራችን ምድር ተወስዳ በባዕድ አገር የሞተች የአንዲት ልጃገረድን ታሪክና ታሪኩን ያቆየልንን መጽሐፍ መመርመር ነው።

ልጃገረዷ በአውሮፓ የምትታወቀው ማህቡባ በሚል ስም ነው። የጉዞ መጻሕፍት ደራሲና የታወቀ የመናፈሻ ነዳፊ የነበረው ጀርመናዊው ልዑል ሄርማን ፎን ፒውክለር-ሙስካው እ.ኤ.አ. በ1837 በመሐመድ አሊ ግዛት ሲዘዋወር በገንዘብ ገዛት። በዓባይ ሸለቆ፣ በሊባኖስ፣ በቁስጥንጥንያና በቪየና በኩል ይዟት ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1840 ርስቱ ወደሚገኝበት ወደ ሙስካው አደረሳት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1833 ዓ.ም.፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ዕድሜዋ 15 ዓመት ገደማ እንደነበር ይገመታል። በሞተችበት ሰዓት ልዑሉ በርሊን ነበር። መቃብሯ ዛሬም በሙስካው ይገኛል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ይህች ልጅ ስም አጥታ የተቀበረች አይደለችም፤ ችግሩ በመቃብሯ ላይ የሰፈረው ስም የእርሷ አለመሆኑ ነው። «ማህቡባ» በዐረብኛ «የተወደደች» ማለት ነው። የልጅቱን ማንነት ሳይሆን የገዢዋን ስሜት ይናገራል። በእርሷ ላይ የተጻፉ ጽሑፎች አጂያሜ የሚል ስምም ይጠቅሳሉ፤ ማንነቷን ለማወቅ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቢሊሌ የተባለች፣ ከጉማ አገር የተወሰደች ኦሮሞ እንደሆነች ያመለክታሉ። የሙስካው አፈ ታሪክ በበኩሉ «የሐበሻ ልዕልት» አድርጓታል። ለአንድ መቃብር ይህ ሁሉ ስም መደርደሩ ራሱ ስለ ማንነቷ የሚነግረን ነገር አለ።

ፒውክለር በመሐመድ አሊ ግዛት ስላደረገው ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞቷ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። በመጽሐፉ ተራኪው ገዢው ራሱ ነው። ውበቷን ሲያደንቅ አውሮፓዊ ሰዓሊ ከሳላት ቬነስ ጋር ያመሳስላታል፤ ልጅቱን ከማየት ይልቅ ያውቀው የነበረውን ሥዕል በእርሷ ላይ ያያል። ሁለቱ የሚነጋገሩት አብራው ስትጓዝ በተማረችው በጣሊያንኛ ነበር። በመሆኑም ታሪኳ ወደ እኛ የደረሰው በብዙ ወንፊት አልፎ ነው። የልጅነት ትዝታዋን በባዕድ ቋንቋ ተናገረች፤ ያንን ገዢዋ ሰማ፤ የሰማውንም ለጀርመን መኳንንት አንባቢ በሚስማማ መልክ ጻፈው። ፍቅርና ባለቤትነት በአንድ አንደበት የሚናገሩበት ትረካ ነው። ይሁን እንጂ ለጸሐፊው ፍርደ ገምድል መሆን አይገባም። ሐዘኑ የውሸት ነበር ለማለት አይቻልም፤ እርሱ ባይጽፍም ኖሮ ለጥያቄ የሚያበቃ ፍንጭ አይኖረንም ነበር።

መጽሐፉን በሙሾ አውራጇ ጥያቄዎች ብንመዝነው ጉድለቱ ይታያል። ሟቿ በልዑሉ ፊት ምን እንደምትመስል በዝርዝር እናውቃለን፤ የማን ልጅ እንደነበረች ግን የሚያጸናልን የለም። ለማነጻጸር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን (1958 ዓ.ም.) እናስታውስ። ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ሰብለ ወንጌል መቃብር የሚወስዱን የዲማ ቤቷን፣ አባቷን ፊታውራሪ መሸሻን፣ እናቷን ወይዘሮ ጥሩአይነትን ካስተዋወቁን በኋላ ነው። አንባቢ ሲያለቅስ ለማን እንደሚያለቅስ ያውቃል። በፒውክለር መጽሐፍ ግን የሚለቀሰው ለአልቃሹ ለራሱ ነው።

ጥያቄው ልዑሉን በመንቀፍ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ወደ ጎጃምም ይመለሳል። በዚያ ዘመን ከጊቤ ወዲያ ካሉ አገሮች በጦርነትና በአፈና የተያዙ ሰዎች ዓባይን ተሻግረው፣ ከዛሬዋ ደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በየጁቤ አቅራቢያ ወደነበረው የባሶ ገበያ ይቀርቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ይህን ገበያ ገልጾታል። ከዚያ መንገዱ በጎንደርና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይዘልቃል። ማህቡባ በየትኛውም በር ትውጣ፣ እንደ እርሷ ያሉ ብዙ ልጃገረዶች በባሶ በኩል አልፈዋል። «የማን ልጅ ናት?» ሳይባል በማይለቀስበት አገር፣ የማን ልጅ መሆናቸው ሳይጠየቅ የተሸጡ ነበሩ ማለት ነው።

ይህ የሙሾን ወሰን ያሳየናል። ሙሾ ማንነትን የሚያጸናው በዝምድና ነው። ባርነት ደግሞ አስቀድሞ የሚበጥሰው ያንኑ ዝምድና ነው፤ ልጅን ከወላጅ ብቻ ሳይሆን ከአልቃሽም ይለያል። ስለዚህ የማህቡባን ማንነት የመፈለግ ሥራ በጀርመን ቤተ መዛግብት ብቻ የሚያልቅ አይሆንም። በየጁቤና በአካባቢዋ ስለ ገበያው የቀረ ትዝታ፣ የቦታ ስምና ዘፈን መሰብሰብ ይኖርበታል። ይህም የኦሮምኛ ቃላዊ ሥነ ጽሑፍን ከሚያጠኑ ባለሙያዎች ጋር መሠራት አለበት፤ ታሪኳን መጀመሪያ የሰማችበትና የኖረችበት ቋንቋ እርሱ ነውና።

ክፍተቱን በልዕልት ተረት መሙላት ይቀላል፤ ግን ልጅቱን ሁለተኛ መሸጥ ይሆናል። ስለ እርሷ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ የተጠራችባቸውን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን ማን እንደሰጣት ለይቶ ሊነግረን ይገባል።