በትራስ ሥር ያለው ካራ፤ ስለ ቡዳ መከላከያ የተጻፉ ጥናቶች ሲመረመሩ

በኢትዮጵያ ስለ ክፉ ዓይንና ስለ ክፉ መንፈስ መከላከያ የተጻፈው ጥናት ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው ያተኮረው በጽሑፍ ላይ ነው። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ጓድ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ተቀምጦ ብዙ ክታቦች ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ወሰደ። ከጓዱ አባሎች አንዷ የሆኑት ዲቦራ ሊፍሺትዝም በ1940 የአስማት ጸሎቶችን ከነትርጓሜያቸው አሳተሙ። የዚህ ሥራ ጥቅም ታላቅ ነው፤ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጀው ብራና፥ ቅዱስ ሱስንዮስ ውርዝልያን የወጋበት ታሪክና በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት የመንጠልጠሉ ልማድ በሚገባ ታውቀዋል።

ሆኖም ክታቡ ከቤቱ መከላከያ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ፥ እንደ ሌላውም የአማራ ገጠር፥ በልማድ የታወቀው መከላከያ የዘወትር ዕቃ ነው። አራስ ያለ ብረት ብቻዋን አትተውም፤ ካራ ወይም ማጭድ ከትራሷ ሥር ይደረጋል፤ ወደ ደጅ ስትወጣም ብረት ትይዛለች። መሶቡ ይከደናል፤ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት የሚበላው ሰው በነጠላ ይከለላል። ለቡና የሚቀርበው ጤና አዳምና ለወጥ የሚሆነው ነጭ ሽንኩርት፥ ቡዳ በላው ለተባለው ሰው መድኃኒት ይሆናሉ።

ይህ የአንድ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። ሆላንዳዊው ደ ግሮት ከ1892 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ስለ ቻይና ሃይማኖት በ6 ቅጽ ባሳተሙት ሥራ፥ መስተዋትና በሰይፍ አምሳል በክር የተያያዘ ገንዘብ ከክፉ መንፈስ መከላከያ መሆናቸውን ጽፈዋል። መልክ ማያውና መገበያያው በጊዜው ጠባቂ ይሆናል ማለት ነው።

የሰብሳቢዎቹ ጉድለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ክታብ ከባለቤቱ ቢለይም ጽሑፉ ስለሚናገር ክታብነቱን አያጣም። ካራ ግን ከአራሷ ትራስ ከተነሣ ሽንኩርት መክተፊያ ነው፤ በሙዚየም መዝገብ «ካራ፥ ከእንጨት እጀታ ጋር» ተብሎ ቢጻፍ ቃሉ እውነት ሆኖ ነገሩ ይጠፋል። ጠባቂነቱ ያለው በዕቃው ሳይሆን በቦታው፥ በሰዓቱና ባኖረው እጅ ነው።

ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. በመንዝ ስለ ቡዳ ባሳተሙት ጥናት ከጽሑፍ ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ተሻግረዋል፤ «ረጋ» በሚባሉትና «ቡዳ» በሚባሉት መካከል ያለውን ልዩነትም አሳይተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ወደ ቤት ዕቃው ሲመለሱ ግን አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ፤ ካራውን የሠራው ማን ነው?

በወገራና በጎንደር ዙሪያ ብረት ቀጥቃጮቹና ሸክላ ሠሪዎቹ በብዛት ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። ጠይብ እየተባሉ በቡዳነት ይጠረጠሩ የነበሩት እነርሱው ናቸው። እንግዲህ ቡዳን ይከለክላል የተባለው ብረት የወጣው ቡዳ ከተባለው ሰው እሳት ነው፤ ጎረቤቱ ካራውን ይገዛል፥ ሠሪውን ይሸሻል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ መከልከላቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል።

ስለዚህ መከላከያን ብቻ መዝግቦ ከማን እንደሚከላከል የማይጠይቅ ጥናት፥ የእናትን ጭንቀት ሲያስረዳ የጠይቡን በደል ይሸፍናል። አራሷ ለልጇ መፍራቷ እውነተኛ ነው፤ ከጉባኤ ከማኅበር የተገለለው ጠይብ ጉዳትም እውነተኛ ነው። የካራው ታሪክ ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲጻፉ ነው።