ብርሃን የሚያሳልፍ ማኬት፣ ብርሃን የሚመልስ ሕንፃ

ማይክል አንጄሎ ለቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጉልላት እ.ኤ.አ. ከ1558 እስከ 1561 ያሠራው የእንጨት ማኬት እስከ ዛሬ ቫቲካን ውስጥ አለ። ስኬሉ 1:15 ነው። ጉልላቱ በቁሙ እንደተሰነጠቀ ሆኖ ስለተሠራ የግድግዳው ውፍረትና የጎድኖቹ አያያዝ ወለል ብለው ይታያሉ። ክብደት የት ያርፋል ለሚል ሰው እንጨት ሁነኛ ምስክር ነው። ስለ ብርሃን የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ግልጽ ፕላስቲክ ወደ ማኬት ሥራ የገባው ይህን ጉድለት ሊሞላ ነበር፤ እኔ ግን አዲስ ስሕተት ይዞ የመጣ ይመስለኛል።

አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ እ.ኤ.አ. በ1922 ላሰበው የመስታወት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ማኬቱን የሠራው ከመስታወት ነበር። ከሙከራው የተረዳው ነገር ትልቅ ነው፤ በመስታወት ሕንፃ ላይ ከብርሃንና ከጥላ ይልቅ ወሳኙ ነጸብራቅ ነው። ይህ ግንዛቤ ግን በኋላ የተዘነጋ ይመስላል።

ግልጹ ፕላስቲክ ፕሌክሲግላስ እ.ኤ.አ. በ1933 በጀርመኑ ሮም ኡንድ ሃስ ኩባንያ የንግድ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአውሮፕላን መስኮት ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርሲ ሲቲው ማኬት ሠሪ ቴዎዶር ኮንራድ የኒው ዮርክን የመስታወት ሕንፃዎች፣ ሌቨር ሃውስንና ሲግራምን ጨምሮ፣ በዚሁ ፕላስቲክ በማኬት መልክ ሠራቸው። የእጁ ጥራት አያጠያይቅም። ችግሩ ያለው በሚታዩበት ሁኔታ ላይ ነው። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ማኬት ውስጡም ውጭውም ተቀራራቢ ብርሃን ስላለው ዓይን ፕላስቲኩን አልፎ ወለሎቹን ይቆጥራል። በጠራራ ፀሐይ ግን ውጭው ወደ 100,000 ሉክስ ሲደርስ የቢሮ ውስጥ መብራት 500 ሉክስ ገደማ ነው። ስለዚህ ቀን ላይ መስታወቱ ሰማዩንና ጎረቤቱን ይመልሳል፤ ውስጡ አይታይም። በዚያ ላይ የሌቨር ሃውስ መስታወት አረንጓዴ፣ የሲግራም ደግሞ ነሐስማ ቀለም አለው።

ስሕተቱ ገና ከማኬት ሠሪው ጠረጴዛ ይጀምራል። በ1:100 ስኬል 2 ሚሊሜትር ፕሌክሲግላስ የ20 ሴንቲሜትር መስታወት ማለት ነው፤ በተራ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ መስኮት የለም። እንጨቱም ቢሆን የቃጫው መስመር ከስኬሉ ጋር አያንስም፤ ባስውድ የተባለው እንጨት ቃጫው የደቀቀ ስለሆነ ብዙም አይረብሽም፣ የኦክ እንጨት ቃጫ ግን ግድግዳው ላይ ቦይ መስሎ ይወጣል። ሁለቱን ማጋጠም ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሙቀት 20 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሜትር ፕሌክሲግላስ 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እንጨት በቃጫው አቅጣጫ ከዚያ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል እንኳ አይረዝምም። ዳር እስከ ዳር በኮላ ከተያያዙ ግድግዳው ይጎብጣል። ልምድ ያለው ሠሪ አንድ ቦታ ብቻ አጣብቆ ሌላውን በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ይተወዋል። ፕላስቲክን ከፕላስቲክ ሲያጣብቅ በመርፌ የሚያስገባው አሟሚ ፈሳሽ በመጋጠሚያው ውስጥ ራሱ ይሮጣል፤ ጠብታ ከተረፈ ግን ነጭ ዳመና ይተዋል፣ ያንን ዳመና ማጥፋት ከባድ ነው። የፕላስቲኩ መሸፈኛ ወረቀት እስከ መጨረሻው የማይነሳውም ለዚህ ነው።

በእኛም ከተማ፣ በአዲስ አበባ የቤት ሽያጭ ቢሮዎች፣ ከውስጥ መብራት የበራባቸው ማኬቶች ተደርድረው አይቻለሁ። ገዢ በዓይኑ የሚያየው የምሽቱን ሕንፃ ነው፤ የሚኖርበት ግን በቀን ፀሐይ የሚሞቀውንና ጎረቤቱ ላይ የሚያንጸባርቀውን ነው። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው የሚደርስበት ነጸብራቅ በማኬቱ ላይ ፈጽሞ የለም።

ስለዚህ የአርክቴክቸር ውድድር ዳኞችና መምህራን ማኬቱን ከመገምገማቸው በፊት የውስጡን መብራት አጥፍተው ወደ ግቢ ቢያወጡት፣ የጎረቤቶቹን ሕንፃዎች በእንጨት ሠርተው አጠገቡ ቢያቆሙ፣ በእግረኛ ዓይን ከፍታም ቢያዩት እላለሁ። ፕላስቲኩም ከሚታሰበው መስታወት ጋር በቀለም ቢመሳሰል፣ ሚስ እ.ኤ.አ. በ1922 ያየውን ለማየት አንድ ቀትር ይበቃል።