ስለ ቅዱስ ያሬድና ስለ ትሏ አተራረክ

በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን በስንክሳር የሚነበበው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ በአገራችን ስለ ትምህርት ከሚነገሩት ሁሉ የታወቀ ነው። የአክሱሙ ሕፃን ከአባ ጌዴዎን ዘንድ መዝሙረ ዳዊት መማር አቅቶት በተመታ ጊዜ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ በዚያም ትል ወደ ዛፉ ስትወጣና ስትወድቅ፥ በመጨረሻም በጭንቅ ስትደርስ አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ይህን ያልሰማ የቄስ ተማሪ የሚገኝ አይመስለንም።

ዛሬ የምንመረምረው ታሪኩን ሳይሆን አተራረኩን ነው። ብዙዎች ተራኪዎች የትሏን መውደቅ በአንድ ቃል አልፈው፥ የያሬድ አእምሮ ተከፍቶ መጻሕፍትን በአንድ ቀን ወደ ተማረበት ተአምር ይፈጥናሉ። ጸጋው የእግዚአብሔር ነውና በተአምሩ ክርክር የለንም። ነገር ግን ተራኪው እንዲህ ሲቸኩል የሚሰማው ልጅ ሌላ ትምህርት ይዞ ይሄዳል፤ ነገ ንባቡ ያልያዘለት እንደ ሆነ «ለእኔስ አልተከፈተልኝም» ብሎ አኰፋዳውን አንሥቶ ወደ አገሩ ይመለሳል።

የታሪኩ ኃይል ያለው ከመካከሉ ነው። ትሏ በወደቀች ጊዜ ዛፍ አልለወጠችም፤ የመታትም የለም። በአፍ ሲተረክ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች ይባላል። ቍጥሩ ከተራኪ ወደ ተራኪ ቢለያይም፥ ሕዝቡ መውደቋን መቍጠር እንደ ወደደ ያስረዳል፤ በዚህ ነገር ሕዝቡ ከብዙ ሰባክያን ይልቅ አስተዋይ ነው።

ይህን የታሪኩን መካከል የጎጃም ቅኔ ቤት ሥርዓት አድርጎ ይዞታል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ስም የሚጠራው ትምህርት የሚጀምረው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው። ተማሪው ብቻውን ወደ ዱር ወጥቶ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይነግራል። ቤቱ ቢሰበር፥ ግሱ ቢሳት፥ ምሥጢሩ ቢላላ እዚያው ይታረማል፤ ነገም ሌላ ቈጥሮ ይመጣል። ዳዊት የሚደግም ልጅ ቃሉን አንድ ጊዜ ከያዘ ያርፋል። የተነገረ ቅኔ ግን አይደገምምና የትናንቱ መቃናት ለዛሬ ዋስ አይሆንም፤ ስምንት ቤት መወድስ የደረሰውም ሰው በየቀኑ ከዛፉ ሥር ይነሣል። የቅኔ ተማሪ ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ቢሰማ ብዙ የማያፍረው ስለዚህ ይመስለናል፤ እነርሱም በተራቸው ይታረማሉና።

ጉድለቱን ሁሉ ግን በተራኪዎች ላይ አንጥልም። ስንክሳሩ ራሱ ስለ መምህሩ የሚናገረው ጥቂት ነው። ጌዴዎን ልጁን እንደ መታው ሰማን፤ ያሬድም ይቅርታ ለምኖ እንደ ተመለሰ ሰማን። መምህሩ ግን ልጁ ከዛፉ ሥር ምን እንዳየ ጠይቆት እንደ ሆነ አልተጻፈም።