ለኤሌክትሪክ መኪናው ታክስ ተነሣለት፤ ለትምህርት ቤቱ ባትሪስ?

ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት የምትማሩ ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ደጃችሁ ላይ ነው። የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ግድብ እዚያው ጅማ ዞን ውስጥ ይገኛል፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፤ አቅሙም 184 ሜጋዋት ነው። በአገር ደረጃም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪካችን ከውኃ የሚገኝ ነው። ንጹሕ ኃይል በማመንጨት አንታማም። እኔ የምተቸው የመንግሥት ገንዘብ ያንን ኃይል ወዴት እንደሚያደርሰው ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለች። ከዚያ በፊትም የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጋ ነበር። ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ውኃው ግን የራሳችን ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የታክስ ምሕረት የሚጠቅመው መኪና መግዛት የሚችለውን ሰው ነው። አሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ 5 ቢሊዮን ዶላር የመደበችው በቀጥታ ለትምህርት ቤት አውቶቡሶች ነበር። የእኛ ድጎማ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደውን የቡና ገበሬ ልጅ አያገኘውም።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ መማሪያ ክፍል ባለ 10 ዋት 4 አምፖሎችን ማታ ለ3 ሰዓት ቢያበራ 120 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል። አንድ መኪና 60 ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው እንበል። 60,000 ሲካፈል ለ120፣ 500 ይመጣል። መኪናው አንዴ የሚሞላው ኃይል ያንን ክፍል 500 ማታ ያስጠናል ማለት ነው!

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ኃይል ኢምንት ነው። ውድ የሚሆነው ማድረሻው ነው፦ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ይኼኔ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2025 ሁሉንም ሰው ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ በሶላርና በመሳሰሉት። ዓመቱ አለፈ፤ ገና ብዙ ይቀራል። ሶላሩ ቢመጣም ሌላ ፈተና አለ። ፓነሉ 25 ዓመት ገደማ ያገለግላል፤ ከሥሩ ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው። ጅማ ደግሞ ዝናብና ደመና የሚበዛበት አገር ነው። ፓነሉና ባትሪው ሲመረጡ ደመናማዎቹ ወራት ካልታሰቡ፣ ባትሪው በየቀኑ እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ቶሎ ይሞታል። መተኪያ በጀት ከሌለ ፓነሉ የጣሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ከከተማው ልጅ ጋር በምን ይወዳደራል?

የመኪናው ማበረታቻ ይቅር አልልም። ግን ለትምህርት ቤት ሶላር ሲገዛ የባትሪ መተኪያውና የጥገናው ገንዘብ አብሮ ይያዝ፤ መስመር ሲዘረጋም ትምህርት ቤቱ ይቅደም። እናንተም ትምህርት ቤታችሁ ሶላር ካለው ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ባትሪው መቼ ተገጠመ? ሲሞትስ በማን ገንዘብ ይተካል?